በአሥራ ስምንት ይባዛል

ፀሐይዋ ከግንቦት ወዲህ ከሰማይ አልወረደችም። እዚህ ስዊድን ጫፍ፣ ኪሩና በምትባለው ከተማ፣ በሰኔ ወር ፀሐይ ማለት ዓይነ ደረቅ እንግዳ ናት፤ መሸ፣ ሂጂ ቢሏት አትሄድ፣ መጋረጃ ቢዘጉባት በስፌቱ ቀዳዳ ገብታ ዓይን ትጠነቁላለች። ዛሬ ጀማለዲንን እንቅልፍ የነሳችው ግን እሷ አይደለችም። ሌሊቱን ሲያጥብ ያደረው አውቶቡስ ቢሰለፍ ከከሚሴ ደሴ ይደርሳል፣ ወገቡ ለሁለት ተከፍሏል፣ በወጉ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በማንኮራፋቱ የጎረቤቱን መስኮት ባንቀጠቀጠ ነበር። እሱ ግን ከነሱሪው አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ጣራ ጣራውን ያያል። ሰዓቱ እዚህ ከቀኑ ስምንት፣ ከሚሴ ዘጠኝ። አርባ አንድ ጊዜ ደውሏል። አርባ አንዱንም ጊዜ ያቺ ድምፀ መረዋ ሴትዮ፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም፣ አለችው። ለጊዜው ትላለች፤ ለጊዜው ማለት ስንት ነው፣ እስከ መግሪብ ነው ወይስ እስከ ቂያማ፣ ንገሪኝ እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ እህቴ ጾመኛ ናት፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሌሊት በሱሁር ሁለት ኪኒን ውጣ ነው የዋለችው፣ ስኳሯ ስልሳ አንድ ነው፣ ስልሳ አንድ! አርባ ሁለተኛውን ደወለ። ለጊዜው፣ አለችው።

ትናንት እኮ ስልሳ አንድ የምሥራች ነበረች። ትናንት ጠዋት እህቱ ዘሃራ እንደ ልማዷ አንዴ አስጮኻ ዘጋች፣ እሱም እንደ ልማዱ መልሶ ደወለ፣ ገና ሄሎ ሳይል እልልታዋ ጆሮውን ሊበጥሰው ደረሰ፤ የዘሃራ እልልታ በደህናው ቀን ከከሚሴ ተነስቶ ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመል የሚያስበረግግ ነው። «ጀሙ! ስልሳ አንድ ገባሁ! አልሃምዱሊላህ! አብሽር ወንድሜ፣ ወደ አንተ እየመጣሁ ነው!» እሱስ ምን አላት? ጀማለዲን ሆይ፣ አንተ ምን አልካት? «ጎሽ እቴቴ፣ በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» አላት። በርቺ! ይህች በርቺ ናት አሁን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ አልወጣም አልወርድም ያለችው። ድምፅዋ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ እጄም ይንቀጠቀጣል ብላው ነበር፣ ደስታ ነው እቴቴ፣ አላት። ደስታ!

ዛሬ ጠዋት ከሥራ እንደወጣ ቀጠሮ ነበረውና የስኳር በሽታውን ወደምትከታተለው ነርስ ሄደ። አኒካ ትባላለች፣ ቀጭን ረጅም፣ ፀጉሯ የማሽላ አገዳ የመሰለ። በዚህ አገር ሰው መርዶ እንኳ ፈገግ ብሎ ነው የሚያረዳህ፤ አኒካ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈገግ ብላ አንድ ነገር ስትነግረው፣ እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ ፈገግ ብሎ «ያ፣ ያ» ሲላት ኖረዋል። በዚህ መሀል የላከችለት ደብዳቤ ሳይከፈት መሳቢያ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው መሳቢያ ተሻግሯል። አስተርጓሚ ሲሉ የሚያመጡለት በስልክ የሚናገር አንድ ሞሮኳዊ ነበር፤ የእሱ ዐረብኛና የጀማለዲን የጅዳ ዐረብኛ ሰላም ተባብለው የሚለያዩ ናቸው። ዛሬ ግን የአላህ ሥራ፣ ከስልኩ ውስጥ አማርኛ ወጣ። ጀማለዲን አማርኛውን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፣ ወሬ አማረው፣ ሴትዮዋን ላስቃት አለ። «በላት፣» አለው አስተርጓሚውን፣ «እኔ አሥራ አራት ብሆን ትቆጣኛለች አይደል? ከሚሴ ያለችው እህቴ ሁለት መቶ ገደማ ነበረች በላት። አሁን ግን በጾም፣ ራት በመተው፣ ኪኒኑን እጥፍ በማድረግ፣ ይኸው ስልሳ አንድ ደርሳለች፣ እኔን ልትይዘኝ ትንሽ ነው የቀራት በላት።» አስተርጓሚው ተረጎመ። ጀማለዲን ሳቅ ጠበቀ። የአኒካ ጥርስ ተከደነ። በሦስት ዓመት ውስጥ ጥርሷ ተከድኖ ያየው ዛሬ ነው፤ ክፍሉ የጨለመ መሰለው። እስክሪብቶ አነሳች፣ 61 ጻፈች፣ ለ18 አካፈለች፣ 3.4 ጻፈች፣ በቀይ ከበበችው፣ እንደገና ከበበችው፣ ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

«ወንድሜ፣» አለ አስተርጓሚው፣ ድምፁ የመርዶ ነጋሪ ሆኖ፣ «የእናንተ አገር መለኪያና የዚህ አገር መለኪያ አንድ አይደለም። አንዱ በኪሎ፣ አንዱ በፈረሱላ እንደሚመዝን ቁጠረው። የዚህ አገሩ ቁጥር ወደ እናንተ እንዲመጣ በአሥራ ስምንት ይባዛል። እዚህ ከአራት የወረደ ሰው አደጋ ላይ ነው። እህትህ ሦስት ነጥብ አራት ናት። ዛሬም ትጾማለች ወይ ትላለች?»

«ሐሙስ አይደለም እንዴ!»

«ኪኒኑንስ?»

«ሁለት።»

አኒካ ከወንበሯ ተነሳች። አሁኑኑ ደውል ትላለች፣ አለ አስተርጓሚው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ማር፣ የተገኘውን ጣፋጭ ትቅመስ፣ ካልቀመሰች ትወድቃለች፣ ወድቃም ላትነሳ ትችላለች ትላለች። ደግሞ ስለ ራስህም ልትነግርህ የምትፈልገው... ጀማለዲን ይህን አልሰማም። ደረጃው ላይ ነበር። መንገድ ላይ ከአውቶቡስ ፌርማታው ሱቅ ሁለት ቀረፋ ያለባቸው ዳቦዎች ገዝቶ፣ ሲደውል ሲጎርስ፣ ሲደውል ሲጎርስ ቤቱ ደረሰ። ምን እንደበላም አላወቀ።

አሁን ጣራውን እያየ ነው። ጣራው ነጭ ነው፣ ጣራው ላይ ዘሃራ ትታየዋለች፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እሱ ሰባት፣ የቦርከና ወንዝ ሞልቷል። እናታቸው በሞተች ዓመት ነው፣ ጨፋ ሜዳ ላይ የአጎታቸውን ማሽላ ሊጠብቁ ሄደው። ዘሃራ አዝላዋለች፣ ውኃው ከወገቧ በላይ ነው፣ ወላሂ እንደዚያን ቀን የሞላ ወንዝ በምድር ላይ የለም፣ በሬ ከነቀንበሩ ይዞ ሲያልፍ ታይቷል፤ ወዲያ ማዶ ሲደርሱ አውርዳ ጥፊ አቀመሰችው፣ አንገቴን አነቅኸኝ ብላ። ከዚያ ጥንቅሽ ሰብራ፣ ልጣጩን በጥርሷ እየገፈፈች፣ ከንፈሯ በልጣጩ እየደማ፣ ጣፋጩን ለእሱ እየሰጠች፣ ግንደሉን፣ ጣዕም የሌለውን፣ እሷ እያኘከች። ጣፋጩ ሁልጊዜ የእሱ ነበር። ይኸው ሁለቱም በአንድ ዓመት ስኳር ያዛቸው፣ እሱ እዚህ፣ እሷ እዚያ፤ ዘሃራ ስትሰማ፣ በጥንቅሽ ነው የያዘን፣ አንተን በመጥገብ እኔን በማየት፣ ብላ ሳቀች። እሱም መለኪያ ማሽን ከከሚሴ መርካቶ አስገዝቶ አስያዛት። ከዚህ ልኮላት ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? ሁለቱም በአንድ ቋንቋ ባወሩ።

ጨዋታው እንዲህ ነበር የተጀመረው። ከምሳ በፊት አንዴ መለካት፣ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆጥሮ አንዴ፤ ከዚያ ስልክ። መጋቢት ላይ ነው፣ ከሚሴ ሙቀቱ ዝንቦቹ ለጥላ ወረፋ የሚይዙበት ወር።

«ስንት ነህ?»

«አሥራ አራት።»

«ከምግብ በፊት ነው?»

«በኋላ ነው እንጂ። ሁለት ሰዓቴን ቆጥሬ።»

«ምን በልተህ?»

«መኮሮኒ።»

«መኮሮኒ በልተህ አሥራ አራት? ያረቢ! እኔ የማሽላ እንጀራ በአብሽ በልቼ መቶ ዘጠና!»

«እቴቴ፣ አንቺ ሰው ነሽ ወይስ የስኳር ፋብሪካ?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዘሃራ በሕይወቷ በማንም ተበልጣ አታውቅም፤ በእርሻ፣ በስድብ፣ በሰላት፣ ገበያ ላይ ዋጋ በመከራከር አፋሩንም ደገኛውንም አንድ ላይ ያስለቀሰች ሴት ናት። አሁን ዳይፐር የቀየረችለት፣ ምን ዳይፐር፣ ጨርቅ ያጠበችለት ወንድሟ በመቶ ሰባ ስድስት ሊበልጣት! ዝም ብላ ቆየችና፣ «የእኛ ሐኪም ከምግብ በኋላ ከመቶ ሰማንያ ከወረድሽ ይበቃሻል አለኝ» አለችው። «አየህ ጀሙ፣ ለኛ ሲሆን ሁልጊዜ ይበቃችኋል ነው። መብራቱም ይበቃችኋል፣ ውኃውም ይበቃችኋል፣ አሁን ደግሞ ጤናውም ይበቃችኋል! ለፈረንጅ አሥራ አራት፣ ለዘሃራ መቶ ሰማንያ? አልቀበልም። ነዝር ገብቻለሁ፣ ስለት ነው፤ ከወንድሜ እኩል እስክሆን ሰኞና ሐሙስን እጾማለሁ፣ ራት በአፌ አይዞርም።» የዘሃራ ነዝር ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ አንዴ ለአንድ በግ የገባችውን ነዝር ለማድረስ በጉ ሞቶ በሬ የሰጠች ናት። እሱስ ምን አለ? ይሁን አለ። ደስም አለው። በዕድሜው አንዴ በአንድ ነገር በለጣት፣ ይህን ደስታ ማን ይሰጠዋል? በየሳምንቱ ቁጥሯ ሲወርድ፣ መቶ ስልሳ፣ መቶ ሃያ፣ ዘጠና፣ እንደ አሠልጣኝ ከዚህ ሆኖ በርቺ ይላታል። ገደል አፋፍ ላይ ያለች ሴትን በርቺ፣ አንድ እርምጃ ቀረሽ!

ያልተከፈተ ፖስታ ከመሳቢያው አወጣ፣ ጀርባው ላይ ጻፈ። አሥራ አራት፣ በአሥራ ስምንት። ስምንት ሲባዛ አራት ሠላሳ ሁለት፣ ሁለቱን ጽፈህ ሦስቱን ያዝ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። አየው። እንደገና አባዛ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። ታዲያ መቶ ዘጠና የነበረችው እሷ ናታ የበለጠችው! ገና ነዝሩን በገባችበት ቀን፣ ገና አንድ ምሳ ሳትተው፣ በስልሳ ሁለት በልጣ ቀድማዋለች! ለምን ነው ታዲያ የተራበችው? ለማን ነው የከሳችው? ፖስታው ከእጁ ወደቀ። ስልኩን አነሳ፣ የዘሃራን ትቶ ጎረቤቷን ቶይባን ደወለ፤ ከዘሃራ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ያላት፣ ከጠዋት ጀምሮ እሷም ዝግ ነበረች። አሁን ጠራ። ጠራ! ተነስቶ አልጋው ላይ ቆመ።

«ሄሎ! ማን ልበል?»

«ጀማለዲን ነኝ፣ የዘሃራ ወንድም።»

«ጀሙ! አካም ጅርታ? ነጋዳ? ሰላም ነህ? ብርዱ እንዴት ነው? ሥራ እንዴት ነው? ኧረ ጠፋህ አቦ፣ መብራት ከጠዋት ጠፍቶ ስልኩ ሁሉ ሞቶ አሁን መጣልን፣ እናንተስ ጋ መብራት...»

የከሚሴ ሰላምታ በደህና ቀን ከቀትሩ ዙሁር ተጀምሮ የከሰዓቱ ዐሱር ላይ ቢያልቅ ነው። «ቶይባ!» ብሎ ጮኸ። «ዘሃራ ጋ ሩጪ!»

«ምነው፣ ኸይር አይደለም? ቤቷ ተኝታለች፣ ጾመኛ አይደለች? ጠዋት ፊቷ ጥሩ አልነበረም፣ ትረፍ ብዬ...»

«ቀስቅሻት! ስኳር ይዘሽ ሂጂ!»

«ምን ይዤ?»

«ስኳር! ሻይ ውስጥ፣ ውኃ ውስጥ፣ አምስት ስድስት ማንኪያ!»

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ጀሙ፣ አብደሃል? ነፍሰ ገዳይ ልታደርገኝ ነው?»

«ወላሂ ቶይባ፣ ስኳር አልቆባት ነው የምትሞተው!»

ቶይባ ሰው ነች፣ ድምፁን ሰማች። የነጠላ ጫማዋን ጥፍ ጥፍ ሰማ፣ ባጃጅ ሲያንባርቅ ሰማ፣ ሂድ ወዲያ ልለፍበት ስትል ሰማ፣ በር ሲንኳኳ፣ በር ሲገፋ። ከዚያ፣ «ያ አላህ! ላብ አጥምቋታል! ዘሃራ! ዘሃራ! ዓይኗ ተገልጧል ግን አታየኝም፣ ጀሙ፣ እኔን ጀሙ እያለችኝ ነው!» ከበስተኋላ የእህቱን ድምፅ ሰማ፣ ወፍራም፣ ምላሷ የተሳሰረ፣ አማርኛዋን ሁሉ ጥላ በኦሮምኛ ብቻ፤ «ኮቱ ጀሙ... ለግኒ ጉቴራ... ኮቱ...» ና ጀሙ፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ና። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ልታዝለው ነው። እዚያ ሆና፣ እየሞተች፣ ልታዝለው ነው።

«አጠጫት!»

«አፏን ዘጋች! ጥርሷን ነክሳለች! ነዝር አለብኝ ነው የምትለው፣ ፀሐይ አልገባችም፣ መግሪብ አላለም ነው የምትለው፣ ምን ላድርጋት?»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።»

ትንፋሿን ሰማ። አጭር፣ ቶሎ ቶሎ። ምን ይበላት? በአሥራ ስምንት ይባዛል ይበላት? ለዚህች ሴት፣ በዚህች ሰዓት፣ የሒሳብ ትምህርት? «እቴቴ፣» አላት፣ «ጀሙ ነኝ። ነዝርሽ ሞልቷል።»

«አልሞላም... ስልሳ... ገና...»

«ሞልቷል። እኔ ዋሽቼሽ ነው። አሥራ አራት ሆኜ አላውቅም። ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ነኝ። እኩሌን አልፈሽ ከቀደምሽኝ ሦስት ወር ሆነሽ። እኔ ነኝ የተበለጥኩት እቴቴ፣ ዋሾ ነኝ፣ ጠጪ።» በሃምሳ ዓመት ዕድሜው ከተናገራቸው ውሸቶች ሁሉ እውነቷ ይህች ነበረች።

ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ፣ «ዋሾ» አለችው። ከዚያ ብርጭቆ ከጥርስ ጋር ተጋጨ፣ ከዚያ ዋጠች። ጉልቅ። ወላሂ ቦርከና በክረምት እንደዚያ አይጮህም። ጉልቅ፣ ጉልቅ። ቶይባ፣ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ፣ ሌላ ጨምሪ፣ አዎ» ትላለች። ጀማለዲን አፉን በእጁ ይዞ እያንዳንዷን ቆጠረ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ስልኩ ከቶይባ እጅ ሲነጠቅ ሰማ፣ ድምፁም የዘሃራ ሆነ፣ ያው አማርኛዋ፣ ያው ቁጣዋ። «አንተ ዋሾ! ስንት ሰኞና ሐሙስ ነው ያስራብከኝ?»

«ስንት ሆንሽ?»

«ቶይባ ለክታኛለች፣ ዘጠና ስድስት። ደግሞ ቴምር እያጎረሰችኝ ነው። እኔን ተወኝ! ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ያልከው እውነት ነው ወይስ እኔን ለማትረፍ ነው?»

ነገራት። ስለ ኪሎውና ስለ ፈረሱላው፣ ስለ አሥራ ስምንቱ፣ ስለ አኒካ ጥርስ። ሰምታ ስትጨርስ አልጮኸችም። «በል ተለካ» አለችው።

«አሁን?»

«አሁን። እየሰማሁህ።»

ጣቱን ወጋ፣ ጠብታዋን ወረቀቷ ላይ አስነካ። ማሽኗ አምስት ቆጠረች። አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት። አነበበላት። አሥራ ሰባት፤ ትናንት ቢሆን በኩራት የሚናገራት ቁጥር ነበረች። «ቶይባ፣ ማባዣሽን አምጪ» ስትል ሰማ፣ የቶይባ ሒሳብ ማሽን ቲክ ቲክ አለች፣ ከዚያ ቲክ ማለቷን ተወች።

«ሦስት መቶ ዘጠኝ» አለች ቶይባ። «ነጥብ ስድስት።»

ዘሃራን ዝም ያሰኘ ነገር ጀማለዲን በሕይወቱ አላየም፤ የእናታቸው ሞት እንኳ አላሰኛትም። አሁን ዝም ብላለች። ሦስት መቶ ዘጠኝ። በፈረንጅኛ ሲሆን ትንሽ ነበረች፤ በዘሃራ ቋንቋ ስትመጣ ግን ቤቱን ሞላችው። ውኃ ጥሙ፣ የእግሩ መደንዘዝ፣ የዓይኑ መደብዘዝ፣ ፀሐይዋ ናት እያለ የሚሰድባት ሁሉ፣ አንድ በአንድ ከየጥጉ ተነስተው ፊቱ ቆሙ።

«ምን በልተህ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ዳቦ። ሁለት። ካንቺ ድንጋጤ...»

«ከማን ጋ ነህ አሁን?»

«ብቻዬን።»

«እኔ ስወድቅ ቶይባ ገፍታ ገባች» አለችው። «አንተ ብትወድቅ በሩን የሚገፋው ማነው?»

በሩን አየው። ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተቆልፏል።

«ነርሷ ስላንተ ምን አለችህ?»

«ልትነግረኝ ስትል ጥያት ወጣሁ።»

«ተመለስ።»

«እቴቴ፣ እዚህ አገር እኮ ያለ ቀጠሮ...»

«ጫማህን አድርግ ነው የምልህ! ስልኩን እንዳትዘጋ። መሳቢያ ውስጥ ያከማቸኸውን ደብዳቤ ሁሉ ሰብስበህ ያዝ፣ ነርሷ ታስተርጉምልህ። ያንን አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ደግማ ታስደውልልህ፣ እኔም በዚህ እሰማለሁ፣ አሁንስ ያ ያ ብለህ አታመልጥም። እስካሁን እኔ ነበርኩ ወደ አንተ የምመጣ። ከእንግዲህ ነዝሩ ያንተ ነው፤ ወደ እኔ ትመጣታለህ።»

ጫማውን አሰረ። ደብዳቤዎቹን በፌስታል ሞላ፤ ፌስታሉ የማሽላ ነዶ አከለ። ሁለቱን ቁልፍ ፈታ። ደረጃው ላይ ባለው መስኮት ፀሐይዋ ፊቱን ጠነቆለችው፤ ዛሬ አልሰደባትም።

«የት ደረስክ?» አለችው ዘሃራ።

«ሦስተኛ ፎቅ ነኝ።»

«ውረድ» አለችው፣ ቴምሯን እያኘከች። «ገና ብዙ ትወርዳለህ።»